የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከተረከብኩ በኋላ

ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ያየ ሁሉ ምጣድ ያቃጠለኝ ይመስለዋል። አይደለም። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ያገኘኋት ናት። ስፒሪት ላምፕ (በአልኮል የሚነድ ኩራዝ) ላይ አግዬ ያጎበጥኩትን የብርጭቆ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሁለት ነገር አወራሁ። ከዚያ «እዩት እንግዲህ» ብዬ በእጄ አነሳሁት።

ብርጭቆ ሲግልም ሲቀዘቅዝም መልኩ አንድ ነው። ብረት በጣም ሲግል ቢያንስ ይቀላል። ብርጭቆ ዝም ነው የሚለው።

አንዷ ተማሪ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ኮልጌት ይዛ ሮጣ መጣች። ቀባሁ። በኬሚስትሪ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ግን ቀባሁ። ማድረግ የነበረብኝ ጣቴን የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ማቆየት ነበር። ኮልጌት አይሆንም፣ ቅቤ አይሆንም፣ እንቁላልም አይሆንም። በረዶም እንኳ አይመከርም። ውሃ ብቻ። እዚህ ላይ ግን ሌላ ችግር ነበረ፤ የዚያን ቀን ቧንቧው ደርቋል።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ የቤተ ሙከራ ቁልፍ ለሚረከቡ አዳዲስ የሳይንስ መምህራን ነው። ተማሪም ወላጅም ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ግማሹ ነገር ማድ ቤት ውስጥም ያለ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። አሲድ መለያው ሊትመስ ወረቀት ቀይና ሰማያዊ ሲሆን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። መብራት ከጠፋ ሙከራውም ጠፋ። ቡሬት (ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ የሚለኩበት የብርጭቆ ቱቦ) በእጄ የያዝኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ በያዝኩ በሳምንቱም ሰበርኩት። ስለዚህ ዕቃዎቹን ስታዩ ግራ ከገባችሁ አትፈሩ። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። አደጋው ግራ መጋባቱ ላይ አይደለም። ግራ እንደተጋባን መደበቃችን ነው።

ቁልፉን የሰጡኝ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ናቸው። የንብረት ወጪ ቅጹን፣ ሞዴል 22ን፣ አስፈረሙኝና «ልጄ፣ አንድ ነገር ከተሰበረ ካንተ ነው» አሉኝ። ቁም ሳጥኑን ስከፍተው ለምን እንዳሉኝ ገባኝ። ቢከሮቹ (የሙከራ ብርጭቆዎቹ) ከነካርቶናቸው፣ ከነተጠቀለሉበት ጋዜጣ ቁጭ ብለዋል። ማንም አልነካቸውም። ለካ የፈረመ ሁሉ ቆልፎ፣ ቆጥሮ፣ ለተከታዩ ሲያስረክብ ነው የኖረው።

የኬሚካሉ መደርደሪያ ሌላ ታሪክ ነው። እርጥበት ወረቀቱን በልቶታል። አስራ አንድ ጠርሙስ ስም የለውም። አንዱ ነጭ ዱቄት ነው፣ ጨው ይመስላል። አንዱ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ያኔ ትክክል ካደረግኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፦ አላሸተትኩም፣ አልቀመስኩም፣ «እስኪ ልሞክረው» አላልኩም፣ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥም አልደፋሁም። ሁሉንም ቀስ ብዬ አንድ ሳጥን ውስጥ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩ። «ስሙ የማይታወቅ፣ አይነካ» ብዬ ጻፍኩበት። ቆለፍኩና ለርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ አሳወቅኩ። ጠርሙሶቹ እስኪነሱ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ይፍጅ። ስም የሌለው ኬሚካል ኬሚካል አይደለም፣ ዕዳ ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ታዲያ ምን እንደሠራ ስሙ። ለላምፑ የሚሆን አልኮል የገዛሁት በአምስት ሊትር ጀሪካን ነው። በየጊዜው ከጀሪካን መቅዳት ሰለቸኝ። አንድ ባዶ ሃይላንድ አነሳሁና ሞላሁት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ላብ በላብ ሆኖ ደብተር ሊወስድ ገባ። እኔ ሰሌዳ እየጠረግኩ ነው። ከኋላዬ የክዳን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ፦

«ቲቸር፣ ውሃው ይሸታል።»

ዞር ስል ጠርሙሱ አፉ ጋ ደርሷል። ያዳነው አፍንጫው ነው። ለማቃጠያ የሚሸጥ አልኮል ሰው እንዳይጠጣው ብዙ ጊዜ ሜታኖል ይደባለቅበታል። ሜታኖል ደግሞ ትንሹ ዓይን ያጠፋል፣ በዛ ሲል ይገድላል። ልጁ ደብተሩን ይዞ ወጣ፤ ምን እንዳመለጠው እንኳ አላወቀም። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ አልቆም ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብና የመጠጥ ዕቃ ወደ ቤተ ሙከራ አይገባም፣ ኬሚካልም ወደ ምግብ ዕቃ አይገባም። ሃይላንድ በተለይ ክልክል ነው፤ ሃይላንድ ያየ ሰው የሚያስበው ውሃ ነውና። ማንኛውም ጠርሙስ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ስሙ፣ ምን ያህል የተጠናከረ ወይም የቀጠነ እንደሆነ፣ የተቀዳበት ቀን። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጻፉና በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

ከፋብሪካ የመጡት ዕቃዎች ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ታገኛላችሁ፣ በጫፉ የቆመ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣው የምደባ ሥርዓት ነው፤ ምልክቶቹ ዘጠኝ ናቸው። ነበልባል ካለበት ይቀጣጠላል። እጅና ብረት የሚበላ ፈሳሽ ካለበት ያቃጥላል፣ ይሸረሽራል። ራስ ቅል ካለበት መርዝ ነው። ለተማሪዎቼ በቃል አጥኑ አላልኳቸውም። «እቤታችሁ ካሉ ጠርሙሶች ላይ ምልክቶቹን ስላችሁ ኑ፤ ጠርሙሱን ግን አታምጡ» አልኳቸው። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የበረሮ መርዝ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሁሉ መጣ።

አንዲት ልጅ ያን ቀን እጇን አወጣች። «እናቴ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ደባልቃ ስታጸዳ አፍኗት ወጥታ ነበር» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ሳንባ ይጎዳል። አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው፣ ከበረኪና ጋር አይገናኙ። በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትደባልቁ። የዚያን ቀን ትምህርት ሃያ ቤት እንደደረሰ አምናለሁ። የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜዬ ነበር፣ አንድም ዕቃ ሳልነካ።

ወደ መሰበር ልመለስ። የሽማግሌውን ማስፈራሪያ እኔም ለተማሪዎቼ አስተላልፌው ነበር። «የሰበረ ይከፍላል» አልኩ። ከዚያ ለሁለት ወር ያህል ምንም አልተሰበረም። ጎበዝ ልጆች ናቸው ብዬ ኮራሁ። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መዳፋቸውን በሻሽ ጠቅልለው መጡ። የወረቀት ቅርጫቱን ሲደፉ የተሰባበረ የሙከራ ቱቦ ቆርጧቸዋል። ቅርጫቱን ገለበጥኩት። የሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ስብርባሪ ተገኘ። በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከስር ተደብቆ።

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የቢከር ዋጋ ለአንዳንዱ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ነው። እኔ ያወጣሁት ሕግ ነው እትዬን የቆረጣቸው።

ሕጉን አነሳሁ። በምትኩ አንድ ደብተር በር አጠገብ ሰቀልኩ። የሰበረ ሰው ቀኑን፣ ዕቃውንና እንዴት እንደሰበረ ይጽፋል። ቅጣት የለም። ስብርባሪውን በእጁ አያነሳም፤ በመጥረጊያና በአፈር ማንሻ ይነሳል። የሚጣለው ከወረቀት ቅርጫት ውጭ፣ «ብርጭቆ» የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ነው። ለንብረት ክፍሉም በየወሩ ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። በኋላ ግን ከየትኛውም ቆጠራ የተሻለ መዝገብ መሆኑን አመኑ።

ደብተሩ ያልጠበቅኩትን ነገር አስተማረኝ። አብዛኛው ዕቃ የሚሰበረው ሙከራ ላይ አይደለም። እጥበት ላይ ነው። ሳሙና የነካው እጅ፣ ሲሚንቶ ገንዳ፣ መቸኮል። ገንዳው ውስጥ ያረጀ የጎማ ምንጣፍ ቆርጬ አነጠፍኩ። በቃ፣ መሰባበሩ ቀነሰ።

አሁን ስለ 92 ላውራ። ይህን ታሪክ ለማንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ሥራው ቀላል ነው። ውሃ አፍሉ፣ በየደቂቃው ሙቀቱን ጻፉ፣ ሠንጠረዥ ሥሩ። አምስት ቡድን ነበር። ደብተር ስሰበስብ አምስቱም የመጨረሻው መስመር ላይ 100 ጽፈዋል። ቴርሞሜትሩን ራሴ ሄጄ አየሁት። ውሃው ይንተከተካል፤ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል።

«ስንት አነበባችሁ?» አልኩ። ጸጥታ። በመጨረሻ አንዷ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎን ነው» አለች። የአምስቱም ቡድን ቴርሞሜትር ተበላሽቶ!

አልተበላሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አስሉት፤ ወደ 92 ይመጣል። ድሬዳዋ ብንሆን 96 አካባቢ እናነብ ነበር። ከባሕር ጠለል በታች ባለው የደናክል ዝቅታ ደግሞ ከ100 ትንሽ ያልፋል። ይህን ስነግራቸው አንዱ ልጅ «ለዚህ ነው አክስቴ ከድሬ ስትመጣ እዚህ ባቄላ አይበስልም የምትለው» አለ። አዎ፣ ለዚህ ነው። የሚፈላ ውሃ ሁሉ እኩል አይሞቅም።

እኔን ግን ያሳሰበኝ ባቄላው አልነበረም። አምስት ቡድን በዓይኑ 92 አይቶ 100 ጻፈ። መጽሐፉን አመነ፣ ዓይኑን ካደ። እንደዚህ የለመደ ልጅ አሲድ እጁ ላይ ጠብ ሲልበት «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ለእኔ ሁለቱ አንድ ልማድ ናቸው። ስለዚህ አሁን የደብተር ነጥብ ስሰጥ ያየውን የጻፈ፣ የተሳሳተ እንኳ ቢሆን፣ ከመጽሐፍ ከገለበጠው ይበልጣል። ያነበቡትን መፋቅ አይቻልም። አንድ መስመር አስምረው ከጎኑ ይጽፋሉ።

ቴርሞሜትርን በተመለከተ ጥቂት ነገር። ጫፉ የቢከሩን ወለል አይንካ፤ ከነካ የምታነቡት የወለሉን ሙቀት ነው። ከውሃው ውስጥ እያለ አንብቡት። ማማሰያ አታድርጉት። ከተቻለ ደግሞ ቀይ አልኮል ያለበትን ግዙ። የድሮው ብርማ ሜርኩሪ ሲሰበር ኳስ ኳስ እየሆነ ይሮጣል፣ ልጆች መጫወቻ ያደርጉታል። ትነቱ መርዝ ነው። ከተሰበረ ልጆቹን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጋችሁ በሁለት ጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ዝጉት። በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ይበትነዋል።

የፈሳሽ መጠን ስታነቡ ዓይናችሁን ከፈሳሹ እኩል ዝቅ አድርጉ። ውሃ ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው ታች ነው። ቢከር ላይ ያሉትን መስመሮች ደግሞ አትመኑ። ለግምት ነው የተሠሩት። መለኪያ ሲሊንደር ከሌላችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ከቢከር በብዙ ይሻላል። ሊትመስ ሲያልቅብኝ ከርከዴ ቀቅዬ እጠቀማለሁ፤ ሎሚ ሲነካው ደማቅ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ልጆቹ ይህን ከሊትመሱ ይልቅ ይወዱታል።

እሳት። አብዛኞቻችን የቡንሰን ማቃጠያ የለንም፣ ጋዙም የለም። የምንጠቀመው ስፒሪት ላምፕ ነው። ከላምፕ የማይረሳ ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ እየነደደ ወይም ገና ትኩስ እያለ አልኮል አይጨመርበትም። ትነቱ ይይዝና እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል። የአልኮል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ጠፍቷል ብላችሁ ታፈሳላችሁ። በክዳኑ አፍኑት፣ በአፍ እፍ አትበሉት። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አጠገባችሁ አንድ ባልዲ አሸዋ ይኑር።

ልብስም ነገር ነው። የተንጠለጠለ ነጠላና ሻሽ፣ ያልታሰረ ሹሩባ፣ የፖሊስተር ሹራብ። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጋዋን የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረን አቡጀዲ ገዝተን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ አሥር ጋዋን ሰፋልን። ጥጥ ስለሆነ አይቀልጥም። መነጽሩን ያገኘሁት መርካቶ፣ ግራይንደር የሚጠቀሙ ሠራተኞች ከሚገዙበት ሱቅ ነው። ጥቁሩ የብየዳው ነው፣ ነጩን ጠይቁ። ለስልሳ ተማሪ አይበቃም፤ ስለዚህ አሥር አሥር ሆነው ይገባሉ፣ ሌሎቹ ክፍል ውስጥ ሠንጠረዥ ይሠራሉ። ይደክማል። ግን መነጽር የሌለው ልጅ እሳትም አሲድም አጠገብ አይቆምም።

«ቲቸር መነጽሩ አያሳየኝም» የሚለኝ አይጠፋም። እሱን ስለ ራሱ ስለ ሮበርት ቡንሰን እነግረዋለሁ። ማቃጠያው በስሙ የሚጠራው ጀርመናዊ ኬሚስት በወጣትነቱ የአርሴኒክ ውህድ ሲሠራ ፈንድቶበት የቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ቀሪ ዕድሜውን በአንድ ዓይን ሠራ።

አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው፣ በቀጭኑ፣ እያማሰላችሁ። ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሆነውን የምታውቁ ሰዎች ይገባችኋል። የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ወደ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ውሃው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና እዚያው ፈልቶ አሲዱን ይዞ ፊት ላይ ይረጫል። እኔ ይህን ተማሪ ራሱ እንዲሠራው አልፈቅድም። አቅጥኜ ነው የማቀርብላቸው።

ቧንቧው ደርቆ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። አሁን በር አጠገብ ቧንቧ የተገጠመላቸው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች አሉ። በቀጭኑ ከተለቀቀ አንዱ ብቻ 20 ደቂቃ ያህል ይፈሳል። ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ የዓይኑን ቆብ በጣት ከፍቶ፣ ሳያቋርጡ ማጠብ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ልጁ «ተሻለኝ» ቢልም። ጀሪካኖቹ ካልሞሉ ሙከራ የለም፣ ርዕሰ መምህሩ እንግዳ ይዘው ቢመጡም። አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። ጀሪካኑ ባዶ ነበር። እንግዶቹ ከርከዴ አይተው ሄዱ።

ለጋለ ዕቃም ቦታ አለን። መሃል ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀይ ጡብ ተቀምጧል። ጡብ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንደ ጋለ ይቆጠራል። ከማንሳታችን በፊት የእጃችንን ጀርባ ጠጋ አድርገን፣ ሳንነካ፣ ሙቀቱን እንፈትሻለን።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ ከጓደኞቹ መሃል እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፍላስክ ሰበርኩ» አለ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። መጥረጊያውን ራሱ አመጣ፣ ካርቶኑ ውስጥ ጨመረ፣ ሄዶ ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ ወደ ኋላ ገጾቹን እየገለጠ ሲስቅ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ጋ ደርሷል። እዚያ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ። ቢከር፣ ባለ 250 ሚሊ ሊትር። ሰባሪ፦ መምህሩ። ምክንያት፦ ቢከር እንዴት እንደማይሰበር እያስረዳ።»